ስንት «ሀ» ያስፈልገናል?

በትምህርት ቤታችን የአማርኛ መምህራን ስብሰባ ላይ በየዓመቱ ሳይነሣ የማይቀር አንድ ጉዳይ አለ። ተማሪ «ኃይል» የሚለውን ቃል «ሀይል» ብሎ ቢጽፍ ይታረማል ወይስ ይታለፋል? «ሥራ»ን «ስራ» ቢልስ? ከመካከላችን ቀይ እስክሪብቶ የሚያነሡ አሉ፤ «አንብበን ከገባን ምን ቀረው?» የሚሉም አሉ። ወላጆችም እንደዚሁ ናቸው። አንድ አባት ልጃቸው በቃል ጽሕፈት ከዐሥር አራት ያገኘው በእነዚህ ፊደላት ብቻ መሆኑን ደብተሩን ገልጠው አሳይተውናል። በሌላ ቀን ደግሞ አንዲት እናት «ይህን ሁሉ ስሕተት ዝም ብላችሁ የምታሳልፉት ለምንድን ነው?» ብለው መጥተዋል። ሁለቱም ለልጃቸው አስበው ነው።

ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ቤት ውስጥ አማርኛ፣ መንገድ ላይ ዐረብኛ፣ በመጽሐፍ እንግሊዝኛ ለሚማር የካርቱም ልጅ እያንዳንዱ ተጨማሪ ፊደል ጉልበት ይፈጃል። ከሦስቱ ቋንቋዎች አንዱን መተው ካለበት የሚተወው ደግሞ አማርኛውን ነው፤ ገበያውም ሰፈሩም አይጠይቀውምና። ስለዚህ ክርክሩ ከየት እንደመጣ፣ ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች ምን መፍትሔ እንዳቀረቡ፣ እኛም በክፍል ውስጥ ምን ለማድረግ እንደተስማማን በዚህ መጽሔት ልናስረዳ ወደድን።

የጉዳዩ ስም «ሞክሼ ፊደላት» ይባላል። ሞክሼ ማለት ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች ናቸው። በፊደል ገበታችን ላይ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ ዛሬ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው። ንጉሡ ሠ ከእሳቱ ሰ፣ አልፋው አ ከዐይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸ ከፀሐዩ ፀ ጋርም እንዲሁ ሞክሼ ናቸው። ሠላሳ ሦስቱ ዋና ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። አምስቱን ትርፍ ናቸው ብንል 35 ሆሄያት ይወርዱና 196 ይቀራሉ። እነ ቋን፣ ጓንና ሌሎቹን ዲቃላዎች አልቆጠርንም። በዚያ ላይ ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ በአማርኛ ንባብ ልዩነት የላቸውም።

ለትልልቆቹ ክፍሎች አንድ የሒሳብ ጥያቄ እነሆ። «ፀሐይ» የሚለው ስም ስንት ዓይነት አጻጻፍ ሊኖረው ይችላል? የመጀመሪያው ሆሄ ሁለት ምርጫ አለው፤ ሁለተኛው ስድስት አለው፤ እነርሱም ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ ናቸው። ሁለት ጊዜ ስድስት ዐሥራ ሁለት። «ዓለም» በአራት ዓይነት ይጻፋል። «ኃይለ ሥላሴ» ስድስት ጊዜ ሁለት ጊዜ ሁለት፣ ማለትም ሃያ አራት ነው፤ ሁለቱን ቃላት አጣብቆ የሚጽፍ ካለ ደግሞ አርባ ስምንት ይደርሳል። ሰው ሲያነብ ሁሉም አንድ ስም ነው። ኮምፒዩተር ግን አርባ ስምንት የተለያዩ ሰዎች አድርጎ ያያቸዋል። ከተማሪዎች መዝገብ ውስጥ አንድን ስም ፈልጎ ማውጣት የጸሐፊዎቻችንን ጊዜ የሚበላው በዚህ ምክንያት ነው።

እነዚህ ፊደላት እንዲያው ለጌጥ የተፈጠሩ አይደሉም። ፊደሉ የተሠራው ለግዕዝ ነው፤ በግዕዝ ደግሞ በጥንቱ ዘመን እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ድምፅ ነበረው። ይህን ለአዲስ አበባ ተማሪ ማስረዳት ይከብዳል። ለካርቱም ተማሪ ግን ይቀላል፤ ምክንያቱም የጠፉት ድምፆች በየቀኑ በጆሮው ይገባሉ። ዐረብኛ ሦስቱንም ሀ ዛሬም ለይቶ ይናገራል። የእኛ «ሕይወት» በዐረብኛ «ሐያት» ነው፤ ከጉሮሮ በሚወጣው ሓ ይነገራል። የእኛ «ኀጢአት» በዐረብኛም «ኸጢአ» ነው፤ ጉሮሮን በሚፍቀው ኻ። «ኅብስት» የምንለውም በየሰፈሩ ዳቦ ቤት በር ላይ «መኽበዝ» ተብሎ ከተጻፈው ቃል ጋር ዘመድ ነው። ዐይኑ ዐም እንደዚሁ ነው፤ «ዐይን»፣ «ዓለም»፣ «ዓመት» በዐረብኛ «ዐይን»፣ «ዓለም»፣ «ዓም» ሲሆኑ፣ ሁሉም የሚጻፉት ዐይን በሚባለው ፊደል ነው። የፊደሉ ስም እንኳ አንድ ነው። የእኛ «ፀሐይ» እና የረፋዱ ጸሎት የሚጠራበት «ዱሓ» የሚለው ቃልም ሥራቸው አንድ ነው፤ የእኛ ፀ በዐረብኛው ዳድ ቦታ የቆመ ነው። «ጸሎት» ግን በዐረብኛ በሳድ «ሰላት» ይባላል፤ በእኛም የተጻፈው በጸ እንጂ በፀ አይደለም። በከተማችን ሰሓፋ የሚባለውን ሰፈር የማያውቅ ተማሪ የለም። ሰሓፋ ጋዜጠኝነት ማለት ነው፤ ከእኛ «ጸሐፈ»፣ «መጽሐፍ» ጋር የአንድ ሥር ልጅ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የንጉሡ ሠ ጉዳይ ነው። ዐረቦች የእኛን «ነጋሢ» ከጥንት ጀምሮ «ነጃሺ» ይሉታል። ለምን በሲን ሳይሆን በሺን? ሠ በዐረብኛው ሺን ቦታ የቆመ፣ ከሰ የተለየ ድምፅ ስለነበረ ነው። «ምሥራቅ» በዐረብኛ «መሽሪቅ»፣ «ዐሥር» «ዐሸራ»፣ «ሥርዓት» ከ«ሸሪዓ» ጋር ዘመድ፤ እነዚህ ሁሉ በሠ ይጻፋሉ። «ሰላም» እና «ስም» ግን በዐረብኛ በሲን ናቸው፤ በእኛም በእሳቱ ሰ ይጻፋሉ። ስለዚህ «ሥም» ብሎ መጻፍ ለአማረ አጻጻፍ ተብሎ የሚደረግ ቢሆንም ሥር የለውም። ዐረብኛ የሚችል ልጅ ይህን ሳይነግሩት ይደርስበታል። በእርግጥ ሁሉም ቃል እንዲህ ተመሳስሎ አይገኝም፤ ዐረብኛ የግዕዝ መዝገበ ቃላት አይደለም።

ፊደላቱ አይነኩ የሚሉት ሰዎች ሁለተኛ መከራከሪያቸው ትርጉም ነው። በግዕዝ «ሠረቀ» ማለት ወጣ፣ ብቅ አለ ማለት ነው፤ «ሰረቀ» ግን የሌላውን ወሰደ ነው። ዐረብኛም «ሸረቀ» እና «ሰረቀ» ብሎ ይለያቸዋል። «ምሥራቅ» የፀሐይ መውጫ ነው፤ በእሳቱ ሰ ከጻፍነው ግን ስርቆት ያለበት ቦታ አደረግነው ማለት ነው። «መሀረ» አስተማረ፣ «መሐረ» ይቅር አለ ነው። ከመጀመሪያው «ትምህርት»ና «መምህር»፣ ከሁለተኛው «ምሕረት» ወጡ። «ዓመት» የጊዜ ልክ ሲሆን «አመት» ደግሞ ገረድ፣ አገልጋይ ማለት ነው፤ «አመተ ማርያም» የሚለው ስም ከዚያ የመጣ ነው። እንግዲህ በምስክር ወረቀት ላይ ቀን ጽፎ «አመተ ምህረት» ብሎ የሚጨርስ ጸሐፊ፣ ግዕዝ በሚያውቅ ሰው ዓይን «የትምህርት ገረድ» ብሎ ፈርሟል።

ይህ ሁሉ ደስ ይላል። ነገር ግን እዚህ ላይ መቆም አይገባም። አማርኛ እነዚህን ድምፆች ካጣ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬ ፊደሉን የሚለየው ጆሮ ሳይሆን ትዝታ ነው። ትዝታ ደግሞ ይስታል። የግዕዙ «ሐዲስ» በአማርኛ «አዲስ» ሆኖ ሀውን ራሱን ጣለ። አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተመውን መዝገበ ቃላታቸውን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ብለው በዐይኑ ዐ ሲሰይሙት፣ ዋና ከተማችን ግን በአልፋው አ አዲስ አበባ እንደተባለች አለች። የእኛ የሥራ መጠሪያ ራሱ በየቢሮው በር ላይ «ርዕሰ መምህር» ተብሎ ይለጠፋል፤ ግዕዙ ግን «ርእስ» ነው፣ ዐረብኛውም «ረእስ» በሐምዛ እንጂ በዐይን አይደለም። ርእሰ መምህራን እንኳ በሩ ላይ ያልተስማሙበትን የሦስተኛ ክፍል ልጅ እንዲያውቀው መጠበቅ ትንሽ ጭካኔ አለበት።

ፊደሉ ይሻሻል የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ወዳጆች ማኅበር «ፊደልን ማሻሻል» የሚል ጽሑፍ አሳተመ። ያን ጊዜ ትልቁ ግፊት የመጣው ከጽሕፈት መኪናው ነበር። የላቲኑ መኪና ሃያ ስድስት ፊደል በቀላሉ ሲይዝ፣ የእኛ ከሁለት መቶ በላይ ሆሄ ቁልፍ አልበቃው አለ። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲጥሩ የገጠማቸው ፈተና ይኸው ነበር፤ መሠረቱን ለብቻ፣ ቅጥያውን ለብቻ መምታት አንዱ መውጫ ሆነ። በዚያ መኪና የተጻፈ የቆየ ደብዳቤ ያየ ሰው እግራቸውና ቀለበታቸው ከአካላቸው ትንሽ ተላቆ የቆሙትን ሆሄያት ያስታውሳል። ከዚያም አልፎ የሰባቱ ድምፆች ምልክት በሁሉም ፊደል ላይ አንድ ዓይነት ይሁን የሚሉ ተነሡ። አንደኛ ክፍልን ያስተማረ ሁሉ ይህን ሐሳብ ይረዳዋል። ልጆች ቡ፣ ሉ፣ ሙ ካሉ በኋላ ሩ እና ፉ ላይ ሲደርሱ ቅጥያው ቦታውን ቀይሮ ያገኙታል።

በ1962 ዓ.ም. የአለቃ ደስታ መዝገበ ቃላት በወጣበት ዓመት፣ በአዲስ አበባ የሚታተመው የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት የአማርኛ ፊደል ሕግ እንዲጠብቅ ለማድረግ የተዘጋጀ ራፖር አወጣ። ከአብዮቱ በኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ሞክሼዎቹ እንዲቀነሱ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቦቹ በዝርዝር ቢለያዩም ሁለት መንገድ ነው ያላቸው፤ ወይ ከየሞክሼው አንዱን አስቀርቶ ሌላውን መተው፣ ወይም ሁሉንም ይዞ እንደ ግዕዙ ሥር አጥርቶ መጻፍ። አገሪቱ አንዱንም በሕግ ወስና አላጸናችም፤ ሦስተኛውን መንገድ፣ ማለትም እያንዳንዱ እንደለመደ መጻፍን ይዘን ቀረን።

ጎረቤቶቻችንን ብናይ ማሻሻል እንደሚቻል እንረዳለን። በኤርትራ የሚታተመው ትግርኛ ሠን እና ኀን ትቶ፣ ከጸ እና ፀም ጸን ይዞ ይሠራል። ሐን እና ዐን ግን አልነካም፤ ትግርኛ ተናጋሪ ሁለቱን ዛሬም ለይቶ ይጠራቸዋልና። ጆሮ የሚለየውን ይዞ የማይለየውን መተው ማለት ይህ ነው። ትግርኛ ከሚናገሩ ቤተሰቦች የመጡ ተማሪዎቻችን በቃል ጽሕፈት ላይ ከሌሎቹ የሚሻሉትም ለዚህ ነው።

እንግሊዝኛ መምህሮቻችን ይህን ሁሉ ሲሰሙ ይስቃሉ። የእነርሱ ችግር ከእኛ ይብሳል፤ «ናይት» ብለው ሌሊትንም ባላባት ፈረሰኛንም ይጠራሉ፣ ግን በሁለቱም ቃላት ውስጥ የማይነበቡ ፊደላት ተደርድረዋል፣ ቁጥራቸውም ይለያያል። በ1906 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሦስት መቶ ቃላት በቀለለ አጻጻፍ እንዲታተሙ ለመንግሥት ማተሚያ ቤት ትእዛዝ ሰጡ። ጋዜጦች ቀለዱባቸው፤ ምክር ቤቱም ተቃወመ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ትእዛዙ ቀረ። ለእኛ ለመምህራን ግን ይበልጥ የሚያስተምረው በ1961 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው ሙከራ ነው። ሰር ጄምስ ፒትማን አርባ አራት ሆሄያት ያሉት፣ ለጀማሪዎች ብቻ የሚሆን ፊደል አዘጋጁ። ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ሆሄ ነበረው። ልጆቹ በፍጥነት ማንበብ ቻሉ። ችግሩ የመጣው ወደ ተለመደው አጻጻፍ ሲሸጋገሩ ነው፤ ብዙዎቹ የተማሩትን መልሰው መርሳት ነበረባቸው፤ ሙከራውም ቀስ በቀስ ተተወ። ትምህርት ቤቱ ያስተማረው ፊደል ከትምህርት ቤቱ በር ውጭ አልነበረምና።

ይህ ታሪክ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። እኛ ከሀገር ውጭ ያለን አንድ ትምህርት ቤት ነን። መጽሐፎቻችን ከኢትዮጵያ ይመጣሉ፤ ተማሪዎቻችን ነገ ወደዚያ ይመለሳሉ ወይም ወደ ሌላ ሀገር ይሄዳሉ፤ አያቶቻቸው የሚልኩላቸውን ደብዳቤ፣ በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በቤታቸው ያለውን የቆየ መጽሐፍ ማንበብ አለባቸው። ለብቻችን አምስት ፊደላትን ከገበታ ብናወርድ ልጁን ከሸክም አናሳርፈውም፤ ሸክሙን ወደ ፊት እንገፋለታለን እንጂ። አንዳንድ መምህራን ይህን እንድናደርግ አሳስበው ነበር፤ አልተቀበልነውም።

በሌላ በኩል የጽሕፈት መኪናው ክርክር ዛሬ ጉልበት የለውም። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ ከነሞክሼዎቹ ስለገባ፣ ስልክ ላይ ሠን መጻፍ ከሰ የሚበልጥ ወጪ የለውም። የቀረው የልጁ ማስታወስ ነው። እዚህ ላይ ደግሞ መምህራን ልንጠያየቅ የሚገባ ነገር አለ። ካርቱም ተወልዶ ያደገን ልጅ አማርኛ ሲያነብ በእውነት የሚያደናቅፈው ሞክሼ ነው ወይ? ጮክ ብሎ ሲያነብ ሰሙት፤ የሚሳሳተው በሀ እና በሐ አይደለም። የሚሳሳተው ላልቶ የሚነበበውን አጥብቆ፣ ጠብቆ የሚነበበውን አላልቶ ነው። «ገና» በዓሉ ነው ወይስ «እስካሁን»? «ዋና» ውኃ ውስጥ የሚደረገው ነው ወይስ ዋነኛው? «ይበላል» ልጁ ይበላል ነው ወይስ ምግቡ ይበላል? ፊደሉ ይህን አያሳይም። ዐረብኛ «ሸዳ» የምትባል ምልክት አለችው፤ ጋዜጣ ባያወጣትም የልጆች መጽሐፍ ያወጣታል። ልጆቻችን «የአማርኛው ሸዳ የት አለ?» ብለው ይጠይቁናል፤ ጥያቄያቸው ልክ ነው። ሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲጽፉ በሚጠብቁት ሆሄያት ራስ ላይ ነጥብ አስቀምጠው ነበር። ልማዱ አልተስፋፋም። ለልጆች ንባብ ግን ከሞክሼ ቅነሳው ይልቅ የሚጠቅመው የእርሳቸው ነጥብ ነው ብለን እናምናለን።

ስለዚህ ከሚቀጥለው የትምህርት ዓመት ጀምሮ እንዲህ እንሠራለን። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ሁሉንም ሆሄያት በንባብ እናስተምራለን፤ መምህሩም በሰሌዳ ላይ እንደ ልማዱ አጥርቶ ይጽፋል፤ ነገር ግን ተማሪ በሞክሼ ፊደል ምክንያት ነጥብ አይቀነስበትም። ለእነዚህ ክፍሎች በትምህርት ቤታችን በሚባዙ የንባብ ወረቀቶች ላይ የሚጠብቁ ሆሄያት ነጥብ ይደረግባቸዋል። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ «ዓመት»፣ «ትምህርት»፣ «ምሕረት»፣ «ሥራ»፣ «ፀሐይ»፣ «ሕዝብ»፣ «ኃይል»ን የመሰሉ ስድሳ ያህል ቃላት ከየክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ፤ ቀይ እስክሪብቶ የሚነሣው በእነርሱ ላይ ብቻ ነው። ዝርዝሩን የአማርኛና የዐረብኛ መምህራን አንድ ላይ ተቀምጠው እያዘጋጁት ነው፤ ዐረብኛው ዘመድ ያለው ቃል ከጎኑ ዘመዱ ይጻፍለታል። በላይኛዎቹ ክፍሎች ደግሞ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በአንድ ድርሰት ውስጥ አንድን ቃል በሁለት ዓይነት አትጻፉ።

የሰው ስም ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ስም እንደ ባለቤቱ ይጻፋል፤ ባለቤቱ «ሐና» ካለች ሐና፣ «ሀና» ካለችም ሀና ናት፤ ማንም መምህር አያርማትም። በመስከረም ምዝገባ ጊዜ በሚሰጣችሁ ቅጽ ላይ የልጃችሁን፣ የአባትና የአያት ስም በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ እንዳለ ሆሄ በሆሄ ጻፉልን፤ ምስክር ወረቀቱ በዐረብኛ ወይም በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነም ቤተሰቡ ተመካክሮ አንዱን የአማርኛ አጻጻፍ ይምረጥና በዚያው ይጽና። ጸሐፊያችን የምትጽፈው እናንተ የጻፋችሁትን ነው።